ከሦስት ወደ አራት

«ከሦስት ወደ አራት ከፍ አደረገልኝ!» ሲሉ ሰማቻቸው እትዬን፣ መምህርቷ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ገበያው አጠገብ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዛሬ ጉዳይ ስላለ ግን ትናንት ማታ መጥተው ሳሎን ሶፋው ላይ አድረዋል። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠው፣ አንድ ቅጠል ወረቀት ሻይ እንዳይነካው ከፍ አድርገው ይዘው፣ ለማንቆርቆሪያው ይሁን ለወንድማቸው በማይለይ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። ባሏ አንድ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጫማውን ይጠርጋል። «አዎ፣ አራት ሆኗል» አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ሌላኛውን እግሩን ሰቀለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሏ እናት ካለፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ትተውት ያለፉት ቤት ሦስት ክፍል አለው፤ ከኋላው ጓሮ። ልጆቹም ሦስት ናቸው፦ እትዬ፣ ባሏ፣ እና ከባድ መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድማቸው። ከሁለት ወር በፊት የተጻፈው ረቂቅ በእያንዳንዳቸው ስም ትይዩ አንድ፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር ሦስት የሚል ቁጥር ነበረበት። በዚያ መሠረት እትዬ የፊት ለፊቷን ክፍል ሊወስዱ፣ ኪራይ ቤታቸውን ሊለቁ፣ የሹራብ መሥሪያ ወንበራቸውንም በመስኮቷ ሥር ሊያስቀምጡ ወስነው ነበር። መጋረጃ ሳይቀር ለክተዋል። ባሏ ትናንት አምጥቶ ለእትዬ የእሳቸውን ገጽ ብቻ በሰጣቸው አዲስ ረቂቅ ላይ ግን ከመስመሩ ሥር ያለው ቁጥር አራት ሆኗል። ታናሽየው ጭነት ላይ ስለሆነ ሳያነበው ቀድሞ ፈርሞ ሄዷል። የቀሩት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውል መመዝገቢያው ቢሮ ተገኝተው ይፈርማሉ።

እትዬ ቁጥር የሚፈሩ ሴት አይደሉም። ሹራብ ሲሠሩ መቶ ሃያ ረድፍ፣ ከጎረቤት ጋር እየተነታረኩም ቢሆን፣ አንዷን ሳይስቱ ይቆጥራሉ። የአውቶቡስ ቁጥር ያነባሉ፤ የሁሉንም ስልክ በቃላቸው ይዘዋል። ሩብ ኪሎ ስኳር ሲገዙማ ሚዛኑ ላይ እንደ ፖሊስ ነው የሚያፈጡት። ሲሶ ምን እንደሆነም፣ ሩብ ምን እንደሆነም ማንም አያስተምራቸውም። ወረቀቱ ግን ሲሶም ሩብም አይልም። አንዱን ቁጥር በሌላው ራስ ላይ ጭኖ ዝም ይላል። የላይኛዋ አንድ ለእሳቸው የተራ ቁጥር ትመስላቸዋለች፤ ዋናው ነገር ከታች ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ አድጓል። ክፍሏ ላይ ጓሮው የተጨመረላቸው መስሏቸዋል። ባሏን ዋሸ የሚለው ሰው አይገኝም። አራት ሆኗል አለ፤ አራት ሆኗል።

መምህርቷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። አንዲት ቃል ናት። «ሩብ ነው እኮ እትዬ» ቢሏቸው ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ነገር ግን ቤቱ የእነሱ፣ የእህትና የወንድሞች ነው፤ እሷ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናትም እትዬ ዛሬም የሚጠሯት «ሙሽራ» እያሉ ነው። ደግሞም ራሱ ይነግራቸዋል አለች በልቧ፤ ጫማውን ጨርሶ ይነግራቸዋል። ባሏ ጫማውን ጨረሰና ብሩሹን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። «አንቺም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ» አላት። ለምስክርነት መሰላት። እትዬ ሻይ ቀዱላት፣ ዳቦውንም ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ጠጪ ሙሽራ፣ ልጆቹ እንዳያዳክሙሽ። ወንድሜ እኮ ሰው ነው፤ ሳልጠይቀው ነው የጨመረልኝ» አሉ። መምህርቷ ሻዩን ጠጣች። ስኳር በዝቶበት ነበር፤ እሱንም አልተናገረችም።

ሁለተኛ «ለ» ክፍል ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉት፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አንዳንዱ ጋ አራት ይቀመጣሉ። የመስኮቱ አንድ መስታወት በካርቶን ተተክቷል፣ የሰሌዳው ቀኝ ጥግ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል፤ ያኛው ጥግ ላይ የተጻፈ ነገር ስለማይነበብ ልጆቹ «ቲቸር፣ ከቁስሉ ወዲህ ይጻፉልን» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ግማሽን ጨርሰዋል። ግማሽ ቀላል ነው፤ ማንም ልጅ ወንድም ወይም እህት ካለው ግማሽን ያውቃል፣ ከተወለደ ጀምሮ ሲጣላበት የኖረ ነገር ነው። የዛሬው ሲሶና ሩብ ነው። ለዚህም ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደር መቶ አራት ቁራጭ ወረቀት፣ ሁሉንም በአንድ ልክ፣ ቆርጣ መጥታለች። ባለቀለም ወረቀት ልትገዛ ጠይቃ ነበር፣ የአንዱ እሽግ ዋጋ አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛል። ካላንደሩ ምን አለው፣ ጀርባው ነጭ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈች፤ አንዱን ከሦስት በላይ፣ አንዱን ከአራት በላይ። «ትልቁ የቱ ነው? ይሄ የሚል እጁን ያውጣ» ብላ አራት ያለበትን ስትነካ ጣሪያውን ሊነካ እጅ ወጣ። «አራት ይበልጣላ!» አለ ከኋላ አንዱ፣ እሷ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር መጠየቋ ገርሞት። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። አሥራ አራት ዓመት አስተምራለች፤ አሥራ አራቱንም ዓመት ያ እጅ ሁሉ ሲወጣ ደስ ይላት ነበር፣ ምክንያቱም ስህተታቸው ንጹሕ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላም በራሳቸው እንደሚስቁ ታውቃለች። ዛሬ ግን ያንን የእጅ ጫካ ስታይ ወጥ ቤት ያለው ወረቀት ትዝ አላትና ጠመኔውን ይዛ ትንሽ ቆየች። እጇን ያላወጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት። «የምኑ ነው ቲቸር?» አለች ጠበቃዋ። «የዳቦ ነው ወይስ የመሬት? ሳላውቅ እጄን አላወጣም።» የአንድ ዓይነት ወረቀት ነው ብላ አስረዳቻት። «እሺ» አለችና ጠበቃዋም ከብዙኃኑ ጋር ተስማምታ ለአራት እጇን አወጣች።

ወረቀቱ ታደለ። ለአራት ማጠፍ ጨዋታ ነው፤ አጥፈህ እንደገና ማጠፍ። ለሦስት ማጠፍ ግን መከራ ነው፣ አዋቂንም ያስቸግራል። ግማሹ ክፍል ጨመደደው፤ አንዱ በምራቁ አረጠበው፤ ሌላው አንዱን ሰፊ ሁለቱን ቀጭን አድርጎ አጠፈና ሰፊውን ይዞ «የኔ ሲሶ ይሄ ነው» አለ። «እኩል ካልሆነ ሲሶ አይባልም» አለችው፣ እጁን ይዛ ደግማ እያጠፈችለት። «ታዲያ ምን ይባላል?» አላት። የሚባልበትን ስም ታውቀው ነበር፣ ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን አይነገርም። «ገና አላለቀም ነው የሚባለው» አለችና አለፈች። ከዚያ ሲሶውንና ሩቡን ቀድደው አንዱን በአንዱ ላይ አስተኙ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ የራሱን ተጠራጠረ፣ ከዚያ የጎረቤቱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሁሌም እዚህች ደቂቃ ላይ ነው መምህርነቷን የምትወደው።

ዝምታውን የሰበረው ፊት ለፊት የሚቀመጠው፣ «አጭሩ» የሚሉት ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እኔ ገብቶኛል» አለ ተነሥቶ። «እኛ አልጋችን ላይ ሦስት ነበርን። ከዚያ ሕፃኗ ጡት ስትጥል እኛ ጋ አመጧትና አራት ሆንን። አሁን እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነው የምተኛው።» ክፍሉ ጥርሱ አልከደን አለ። ጠበቃዋ ሳትቀር ሳቀች። መምህርቷም ልትስቅ አፏን ከፈት አደረገች፣ ሳቁ ግን አልመጣላትም። አራተኛው ማን ነው? የሚል ጥያቄ መጣባት፤ ከጠዋት ጀምሮ በጭንቅላቷ ስታገላብጥ የነበረው ወረቀት ላይ ይህን አለመጠየቋ ራሷን ገረማት። ልጆቹ ሦስት፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ባሏ፣ አንዷ እትዬ። ዞር ብላ ከቁስሉ ወዲህ «የሚካፈለው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል» ብላ ጻፈች። ሃምሳ ሁለት እርሳስ መጫጫር ጀመረ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባች። የስፖርት መምህሩ የዘይት ዋጋ ጨመረ ብሎ በሩን ለገባው ሁሉ ይናገራል፤ እሷም «ጉድ ነው» አለችና ስልኳን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ባሏ የሆስፒታል ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ስልክ ሲያነሣ ሁልጊዜ ከኋላው ካርቶን ሲጎተት ይሰማል። «አራተኛው ማን ነው?» አለችው፣ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«አንቺ ነሽ! ማን ሊሆን ነው?» ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል፤ እንዲያውም እስክትጠይቀው ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። «እናቴን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ያገላበጥሽ ማን ነሽ? እትዬ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ እሁድ ነበር የምትመጣው፤ ሹፌሩ ጭራሽ አልነበረም። የላብሽ ነው። የኔና ያንቺ ሲደመር ግማሽ ይሆናል፤ ግማሽ ካለን የፊቷን ጨምሮ ሁለቱን ክፍል እናከራየዋለን።»

«ክፍሏስ? እትዬ እኮ መጋረጃ ለክተዋል።»

«ከኪራዩ በየወሩ እንሰጣታለን። ምን ጎደለባት? ደስ ብሏት የለ እንዴ፣ አይተሻታል።» ካርቶኑ ተጎተተ። «ዘጠኝ ሰዓት እንዳትቀሪ» ብሎ ዘጋው።

መምህርቷ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ደስ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ አማቷን አንሥታለች፣ አጥባለች፣ ወገቧ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድም ሰው «እግዜር ይስጥሽ» ከማለት ያለፈ ነገር አላደረገላትም። አሁን ስሟ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ደስ ማለቷን ባወቀች ጊዜ አፈረች፤ ደስታው ግን በማፈሯ አልጠፋም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የስፖርት መምህሩ «ምነው፣ መልካም ዜና ነው?» አላት። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለች። ከሰዓት በፊት የቀሩትን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አስተማረች፤ ልጆቹ አንድ አምስተኛ ከአንድ አራተኛ ያንሳል ሲሉ ማንም አልረዳቸውም። ጠበቃዋ ወደ ቤት ስትሄድ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ ጠዋት እጄን ማውጣት አልነበረብኝም» አለቻት። «ባለማወቅ ነው፣ ምንም አይደለም» አለቻት መምህርቷ። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ወረቀቱን ሁሉ ከወለል ላይ ለቀመች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ እያለች የእሷ ሥራ አልነበረም።

ውል መመዝገቢያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። እትዬ ከእሷ ቀድመው ደርሰው፣ ራሳቸው የሠሩትን ቡናማ ሹራብ ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቦርሳቸውን አንሥተው ቦታ ለቀቁላት። ባሏ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ የክብር ልብሱን ለብሷል። ብዙ አልጠበቁም። ጸሐፊው ገና ወጣት ነው፣ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ወርዷል፤ ወረቀቱን እንደሚያነብ ሰው ሳይሆን እንደሚያሳድዱት ሰው አነበበው። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ አንድ አራተኛ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ አንድ አራተኛ። የመምህርቷን ስም ሲጠራ እትዬ ዘወር ብለው አዩአት፣ እንደ ምስክር ቆጥረዋት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድርሻዎን አውቀው ነው የሚፈርሙት?» አላቸው ጸሐፊው፣ ደንቡ ስለሆነ። «አሳምሬ!» አሉ እትዬ። «አራት ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን ያዝ አድርጎ ቀና አለ። መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ ባሏን አየ። ባሏ በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ ይቆጥር ነበር። ጸሐፊው ከኋላ ያለውን ሰልፍም አየ፤ ጥያቄው ተጠይቋል፣ መልሱም ተመልሷል። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብሎ በጣቱ አሳያቸው። እትዬ ብዕሩን ተቀበሉ። መምህርቷ ብዕሩን በዓይኗ ተከተለች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ክፍሉ የላቧ ነው፣ ባሏ እንዳለው። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ።

«እትዬ፣ ሩብ ነው» አለች።

ብዕሩ ቆመ። «ምን?»

«ሩብ። አንዱ ከአራቱ ማለት ነው። የቀድሞው ሲሶ ነበር። ይሄኛው ያንሳል።»

እትዬ ወረቀቱን ዐዩት። ቁጥሩ ያው ነው፣ አልተነቃነቀም። «እኛ ሦስት ነን» አሉ ቀስ ብለው፣ ረድፍ እንደጠፋባቸው ሰው። «አራተኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ባሏ ከመስኮቱ ዞረ። ፊቱ ቅጭም ብሏል፤ ለእሷ ያሰበውን ነገር እሷው ስትደፋበት የሚሆነውን ነው የሆነው። «እማዬን ያስታመመችው እሷ ናት» አለ። «ሐቋ ነው። ሐቋ አይደለም በይኝ እስቲ!»

«ሐቋ ነው» አሉ እትዬ ወዲያው። «ማን አይደለም አለ?» ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ሙሽራ፣ ይሄንን ነገር ለልጆቹ የምታስተምሪው ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ሁለተኛ።»

«ከመንፈቅ ፈተና በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። እንደተመለሱ፣ በሁለተኛው ሳምንት።»

እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው የእውነት ነበር፣ ለዚህ ነው ያስከፋው። «እኔን ከሁለተኛ ክፍል ያስወጡኝ ከመንፈቅ ዕረፍት በተመለስን በሳምንቱ ነው» አሉት ለጸሐፊው፣ እሱ የጠየቃቸው ይመስል። «ዘጠነኛ ወጥቼ ነበር፣ ከስልሳ ልጅ። እናታችን ወለደችና ሕፃኑን የሚይዝ ጠፋ። ሕፃኑ ይሄ ነው» ብለው ባሏን በአገጫቸው አሳዩት፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ የክብር ልብሱን ለብሷል። «አንተ፣ አንድ ሳምንት ዘግይተህ ብትወለድ ኖሮ እኮ ዛሬ አታታልለኝም ነበር።»

ሰልፉ ላይ አንድ ሰው ሳቀና ማንም ስላልተከተለው አቋረጠ። ባሏ «እትዬ…» ብሎ ጀመረና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። መምህርቷ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «የኔን ስም ያውጡት» አለች። ጸሐፊው ስም በቃል አይወጣም፣ ባለቤቱ መተዉን በጽሑፍ መፈረም አለበት ብሎ ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። እሷም ቆማ ሞላችው፣ በዚያ ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት ክብ ክብ ጽሕፈቷ፤ ፈረመች። ባሏ ከጎኗ ሆኖ አያት፣ እጇን ግን አልያዘም። ሌላው ወረቀት ነገ ጠዋት እንደገና ተጽፎ ይቀርባል፣ ሦስት ተብሎ፤ የሹፌሩም ፊርማ እንደገና ያስፈልጋል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ተናግሮ መነጽሩን ከፍ አደረገና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ባሏ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ቀድሟቸው ወረደ። ሲወጡ በመንገዱ ማዶ በኩል ሲሄድ አዩት፤ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ አልነበረም። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የመምህርቷን ክንድ ያዙ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ጫማ ጠጋኞች፣ የስልክ ካርድ ሻጮች፣ ከሥራ የሚወጣ ሰው ይገፋፋል። «ብትጠይቁኝ እሰጥ ነበር» አሉ እትዬ። «ክፍሏንም እሰጥ ነበር። ብቻዬን ነኝ፣ ለማን ላወርሰው?» መምህርቷ ክንዷን አጠንክራ ከሚገፋፋው ሰው ከለለቻቸው። ትንሽ ሄዱ።

«ሙሽራ፣ ጠዋት ሻይ ስቀዳልሽ» አሉ እትዬ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ፣ «ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እትዬ ክንዷን አልለቀቁም፤ ለጉልበታቸው ብለው ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ አብረው ቆሙ። ሲመጣ እትዬ ወደ ገበያው የሚሄደውን ተሳፈሩ፣ ሶፋው አጠገብ የተዉትን የማደሪያ ልብሳቸውን ሳይወስዱ። ከመስኮቱ ጎን ተቀምጠው ሹራባቸውን ሲያስተካክሉ መምህርቷ ከታች ሆና እጇን አነሣችላቸው፤ እሳቸው የሳንቲም ቦርሳቸውን ይፈልጉ ነበር።